የሮቶው ቀማሽ

የአባ ፎጊ ልጅ ረሂማ ከሰኮሩ ስትደውል ምስር እየለቀምኩ ነበር። ገና ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ።

«አባባ አረፉ» አለችኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩ። ትንሽ ተላቀስን። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠዋት ውሃ ጠማኝ ብለው በብርጭቆ ሰጠቻቸው፤ አንዴ ፉት አሉና አፋቸው ውስጥ አንከባለው ዋጡት።

«ከዚያስ?»

«‹ደረጃ አራት ነው፤ ከየት ነው የቀዳሽው?› አሉኝ። ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩም።»

ሳቅ አመለጠኝ። መርዶ እየሰማሁ ሳቅሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ረሂማም እያለቀሰች ሳቀች። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ስለ እሳቸው አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ አሰብኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

አባ ፎጊን ያወቅኋቸው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ በተከራየንበት ግቢ ነው። አከራያችን አዴ ሹክሪያ የፊቱን ቤት ለራሳቸው ይዘው ከኋላ ያሉትን አራት ቤቶች ያከራዩ ነበር። አንዱ ውስጥ እኔ ከባለቤቴና ከልጄ ከነስሩ ጋር እኖራለሁ። ሁለተኛው የአስናቀች ነው፤ አስናቀች ጸጉር ቤት አላት። ሦስተኛው ውስጥ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው፣ ከጎንደር የመጣው መምህር ዳዊት አለ። የመጨረሻዋ ጠባብ ክፍል የአባ ፎጊ ናት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንድ ልጅ ረሂማ ናት፤ እሷም ሰኮሩ አግብታለች፤ በመጨረሻ የሄዱት እሷ ዘንድ ነው።

አምስታችንም ቤት ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ጥቁር ሮቶ ነበር። ሮቶው አቮካዶው ሥር፣ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል። የከተማው ውሃ ሲመጣ ይሞላል፤ የሚመጣው ደግሞ ደስ ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ይቆለፋል፤ ለየቤቱ በቀን ሁለት ሁለት ጀሪካን ይታደላል። ቁልፉ አባ ፎጊ አንገት ላይ በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። ግቢው ውስጥ ስንገባ አንገታቸው ላይ አገኘነው።

አባ ፎጊ ሠላሳ ዓመት አጋሮ አጠገብ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ሠርተዋል። ሥራቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ቡናውን በእንጨት መቅዘፊያ ማማሰል ነበር። ስለ ውሃ የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት እዚያ ነው። ከሚያውቁት አንዱ ይሄ ነው፦ ጭቃ ሌሊት ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ውሃው ጠርቶ፣ ጭቃው ከታች ተኝቶ ይገኛል። ፀሐይ ስትወጣና ሰው መንጫጫት ሲጀምር ይነቃል። ስለዚህ ከሮቶው የሚቀዳው ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ጭቃው ሳይነቃ ነው።

ጅማን በዝናቧ ብቻ የሚያውቃት ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ጎህዋን አያውቅም። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ብርዱ ከሸለቆው ተነስቶ እግር ሥር ይገባል። የጀሪካኑ እጀታ ጣት ይነክሳል። አስናቀች ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ ሁለት ጋቢ ደርባ ትመጣና ከኔ ኋላ ትቆማለች።

«አባ ፎጊ፣ ውሃው እኮ አይሸሽም» ትላለች። «ሁለት ሰዓት ላይ ብንቀዳ ምን አለበት?»

«ሁለት ሰዓት የተቀዳ ውሃ ግማሹ ጭቃ ነው።»

«እኔ ግማሹ በረዶ ከሚሆን ግማሹ ጭቃ ቢሆን ይሻለኛል።»

«ሰላምታ መጀመሪያ፣ ወሬ ቀጥሎ» ይላሉ እሳቸው። ሁላችንም እንዴት አደራችሁ ተባብለን ሳንጨርስ ቁልፉ ከአንገታቸው አይወርድም።

ቁልፉ ከወረደም በኋላ አይቀዳም። ገና ይቀመሳል።

አባ ፎጊ ከኮት ኪሳቸው ትልቅ የሾርባ ማንኪያ ያወጣሉ። በመሐረብ ይጠርጉታል። ከቧንቧው ሞልተው ወደ ምሥራቅ ያሳዩታል፤ ያሸቱታል። ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ጎረቤት ግቢ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ይስቡታል። ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ ያንከባልሉታል። የቀሯቸው ጥርሶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ብርዱ ሲያማቸው አንድ ዓይናቸው ይጨፈናል። በመጨረሻ አቮካዶው ግንድ ላይ ይተፉታል። እኛ እንጠብቃለን። ሳይፈርዱ ማንም አይናገርም።

«ደረጃ ሁለት» ይላሉ። «ትንሽ የቆርቆሮ ጠረን አለው። አፍ ውስጥ የሚቀረው ጅራቱ ግን ንጹሕ ነው።»

አንዳንድ ቀን እንደ ቡና «ይሄ የሊሙ ጠባይ አለው» ይላሉ። አንዳንድ ቀን የጌራ ይሆናል። ሮቶው ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም።

«እኔ ሽንት ቤት የምደፋው ነው» ትላለች አስናቀች። «ደረጃ አምስትም ቢሆን ይስጡኝ፣ እግሬ ሞተ።»

«ሽንት ቤትሽም ይሄን አይቶ አያውቅም» ይሏታል።

ከሰል ይዘው የየዕለቱን ደረጃ በየጀሪካናችን ላይ ይጽፉ ነበር። የኔ ቢጫ ጀሪካን በቁጥር ተሞልቶ የልጅ ደብተር መሰለ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሲያጥበው አይተው «የታሪክ መዝገብ ነው ያጠፋኸው» ብለው ሦስት ቀን ተቀየሙት።

ሁለተኛ ልጄን ሰሚራን ስወልድ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። አርባ ቀን ከቤት አልወጣሁም። አባ ፎጊ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፣ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ከሱብሂ በኋላ በሩ ላይ ሁለት ነገር ኳ ኳ ሲል እሰማለሁ። ስከፍት ሁለቱ ጀሪካኖቼ ተሞልተው ቆመዋል፤ በላያቸው ላይ ደረጃቸው ተጽፏል። በአርባኛው ቀን አመስግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

«ሃዳ ነስሩ» አሉኝ፤ የነስሩ እናት ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ በዚህ ነው። «እኔን አታመስግኚ። ልጅቱን በደረጃ ሦስት አጥበሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

በደረጃ ሁለት ነው ያጠብኳት አልኳቸው። እፎይ አሉ።

ነገር የተጀመረው በመምህር ዳዊት ነው። አንድ ጠዋት እየተንቀጠቀጠ «አባ ፎጊ፣ ውሃ እኮ ጣዕም የለውም፣ ጠረንም የለውም። እኛ ለተማሪ የምናስተምረው ይሄንን ነው» አላቸው።

«ተማሪዎቹ ቀምሰውት ያውቃሉ?»

«መቅመስ አያስፈልግም።»

«እንግዲያው ምን ተማሩ» አሉና ማንኪያቸውን ጠረጉ።

አስናቀች ሐሳብ አመጣች። በሦስት ኩባያ ሦስት ዓይነት ውሃ ይቀርብላቸው፤ አንዱ ከሮቶው፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከበርሜል የዝናብ ውሃ። ከለዩት ግቢው አፉን ይዝጋ። አባ ፎጊ ደስታቸው ወሰን አጣ። ፊታቸውን ታጥበው፣ የዒድ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አንደኛውን ሳቡ፤ ደረጃ ሁለት፣ የራሳችን ነው አሉ። ሁለተኛውን ሳቡ፤ ደረጃ ሦስት፣ ዝገት አለው፣ የጎረቤት ነው አሉ። ሦስተኛውን ሲስቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ይሄ ከሰማይ የመጣ ነው፣ ገና ሰው አልነካውም አሉ።

አስናቀች ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ሦስቱንም የሞላችው ከሮቶው ነበር።

አባ ፎጊ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «የቀዳሽው በሦስት ዓይነት ኩባያ ነው» አሏት ረጋ ብለው። «ኩባያ ውሃን ይለውጠዋል። ይሄን የማያውቅ ሰው ፈተና ማውጣት የለበትም።»

ሳቁ ግን ከግቢው አልወጣም። አስናቀች በዚያው ሰሞን አዴ ሹክሪያ ዘንድ ገብታ፣ አንድ ውሃ ከሌላው መለየት ለማይችል ሰው በየጎሁ በብርድ የምንሰለፍበት ምክንያት የለም አለች። አዴ ሹክሪያ ራሳቸውም በዚያ ብርድ መውጣት ሰልችቷቸው ኖሯል። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሮቶው ሥር እንሰብሰብ፣ ቁልፉን ከአባ ፎጊ እንቀበልና ሁሉም በፈለገው ሰዓት ይቅዳ ተባለ።

ያ ሳምንት ውርጭ የወረደበት ሳምንት ነው። እዚህ ተወልጄ እዚህ አድጌ እንደዚያ አላየሁም። ደጅ ባደረ ጆግ ውስጥ ውሃው ቆዳ አወጣ፤ በጣት ሲነኩት ይሰበራል። የአቮካዶው የላይኛው ቅጠል በእሳት እንደተለበለበ ጠቆረ። ነስሩ በረዶውን ትምህርት ቤት ሊያሳይ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሱሪውን አርጥቦ ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ሌሎቹ ቀድተው ከሄዱ በኋላ አባ ፎጊ ጀሪካኔን ይዘውልኝ ቆሙ።

«ሃዳ ነስሩ፣ ይሄን ቁልፍ ከወሰዱት ጠዋት ለምን እነሳለሁ?»

«ለሱብሂ» አልኳቸው።

«ለሱብሂማ እነሳለሁ። ከሱብሂ በኋላስ?»

ጀሪካኔን ተቀበልኳቸው። እሳቸው ግን ወሬያቸውን ቀጠሉ። ድሮ ማጠቢያው ድረስ የቡና ቀማሾች በመኪና ይመጡ እንደነበር፣ ነጭ ካፖርት ለብሰው ማንኪያ ይዘው ሲስቡ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ትንፋሹን ይዞ ይቆም እንደነበር ነገሩኝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ስጡኝ ማሎ ብዬ ለመንኳቸው። አንተ ማጠቡን አትርሳ አሉኝ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያጠብኩትን ቡና እነሱ ይተፉታል፣ ሃዳ ነስሩ። እኔ ግን አልተፋሁትም፤ አልደረሰኝማ።» ይሄን እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ቤቴ ገብቼ ዱዓ አደረግሁላቸው።

በዚያው ቀን መላ አገኙ። የሰዉ ክስ ብርድ ከሆነ ብርዱን ማጥፋት ነው። ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ማታ ይሸፈናል፣ ጠዋት ይገለጣል። ሮቶስ ለምን አይሸፈንም? ያላቸውን የቡና ጆንያ ሁሉ አወጡ። ማታ ማታ መሰላል ላይ ወጥተው ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ውሃው ቆዳ ማውጣት አለማውጣቱን ለማየት አንገታቸውን ያስገባሉ። ከዚያ ክዳኑን ገጥመው ሮቶውን በጆንያ ይጠቀልሉታል። በጆንያው ላይ የራሳቸውን ጋቢ ያለብሱታል። በጋቢው ላይ ሻርፕ ይጠመጥሙለታል። ሲጨርሱ ሮቶው አቮካዶ ሥር ተቀምጦ ዘካ የሚጠብቅ ወፍራም ሽማግሌ ይመስላል።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሁሉንም ይገልጡለታል፤ ቡናም ቀን ተሸፍኖ ከዋለ ይሻግታል። መምህር ዳዊት ጥቁር ሮቶ ተሸፍኖ ሳይሆን ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሚሞቅ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «አንተ ጣዕም የለውም ያልከው ነህ» ብለው መለሱት።

ሐሙስ ማታ የአዴ ሹክሪያ አክስት ከሰቃ መጡ። ዓይናቸው ደከም ብሏል። በሩ ላይ ቆመው ወደ ሮቶው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ዝም። ጠጋ ብለው ደገሙ። ዝም። ቤት ገብተው ምንጣፉ ላይ ሳይቀመጡ ለአዴ ሹክሪያ «ግቢሽ ውስጥ ያስቀመጥሽው ሰውዬ ማነው? ሰላምታ የማይመልስ ሰው እንዴት ታከራያለሽ?» አሏቸው። አስናቀች ይሄን በሰማችበት ቀን ጸጉር ቤቷ የመጣችን አንዲት ሙሽራ በሳቅ ግማሽ ጎፈሬ አድርጋ ልካታለች ይባላል። እኔ አላየሁም።

ቅዳሜ ጎህ ላይ፣ አዴ ሹክሪያ እንዳዘዙት፣ ማንም ጀሪካን ይዞ አልወጣም። ሶላቴን ጨርሼ በመስኮት ስመለከት አባ ፎጊ ሮቶው አጠገብ ብቻቸውን ቆመዋል። ማንኪያው በእጃቸው ነው። ግን አልቀመሱም፤ ወረፋ ሳይኖር ለማን ይቀመሳል። ፀሐይ እስክትወጣ ቆመው ጋቢውን ከሮቶው ላይ ገፈው ገቡ።

በሦስት ሰዓት ተሰበሰብን። አዴ ሹክሪያ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አስናቀች ክሷን ደረደረች፦ ብርዱን፣ ሰላምታውን፣ ሦስቱን ኩባያ። መምህር ዳዊት ለአባ ፎጊ ያለውን አክብሮት ገልጾ፣ ሳይንስ ግን ሌላ ነው አለ። ባለቤቴ ሥራ ሄዶ ነበር። እኔ እንደልማዴ ዝም አልኩ። አባ ፎጊ ራሳቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ቆመዋል።

«አባ ፎጊ፣ ሰምተዋል» አሉ አዴ ሹክሪያ። «በሰላም እንጨርሰው። ቁልፉን ይስጡን።»

«ኤዬ፣ እሰጣለሁ። ልቅመስና እሰጣለሁ።»

አዴ ሹክሪያ ፈቀዱ። ሮቶው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ማንኪያውን ሞላ። አባ ፎጊ አሳዩት፣ አሸተቱት፣ ሳቡት። ቆሙ። ተፉ። ደግመው ሞሉና ሳቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄን ውሃ ማንም እንዳይቀዳ» አሉ።

«ደረጃው ስንት ነው?» አለች አስናቀች።

«ደረጃ የለውም። ሪጀክት ነው፣ የሚጣል። ውስጡ የሆነ ነገር አለ።»

«ቁልፉን ላለመስጠት ነው» አለች አስናቀች ወደ አዴ ሹክሪያ ዞራ። «እትዬ፣ ገብቶዎታል አይደል?»

አባ ፎጊ ቧንቧውን በጀርባቸው ከልለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አዴ ሹክሪያ ተቆጡ። መምህሩ መሬት መሬት አየ። ያኔ ሰሚራን አሰብኩ፤ ልጄ ይሄንኑ ውሃ ነው የምትጠጣው።

«ክዳኑ ይከፈት» አልኩ።

በዚያ ግቢ ስብሰባ ላይ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበር ሁሉም ወደኔ ዞረ። መምህር ዳዊት መሰላሉን አቁሞ ወጣ።

እሱ ክዳኑን እስኪከፍት አባ ፎጊ ሦስተኛ ማንኪያ ስበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ሱፍ» አሉ። «ሱፍ አለው። ትንሽ ቅባትም አለው። ከኋላ ደግሞ...» አንከባለሉት። «ከኋላ የሽማግሌ ራስ አለው።» ከዚያ በጣም በዝግታ እጃቸው ወደ ገዛ ራሳቸው ሄደ፤ ፎጣውን ዳበሰ፣ እዚያው ቀረ። የሱፍ ኮፍያቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቶባቸው ነበር።

«አገኘሁት» አለ መምህር ዳዊት ከላይ። በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ አወጣው። ውሃ የጠጣ ኮፍያ እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

አስናቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። አዴ ሹክሪያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አክስትየው ከቤት ውስጥ «ምን ሆናችሁ? ሰውዬው መለሰ እንዴ?» ብለው ጮኹ። ያኔ የቀረነውም አልቻልንም።

አባ ፎጊ ብቻ አልሳቁም። ኮፍያቸውን ጨምቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ክሩን ከአንገታቸው አወጡና ቁልፉን አስናቀች እጅ ላይ አስቀመጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስኑ» አሉ። «ልክ ነሽ።» ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በዚያች ውሃ ጥቂት ልብስ ታጠበ፤ የተረፈውን አቮካዶው ጠጣው። እሑድ አባ ፎጊ ለሶላት ካልሆነ አልወጡም። ገንፎ ላክሁላቸው፤ ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ፣ የከሰል ቁጥር ግን አልተጻፈበትም። ሰኞ ውሃ መጣና ሮቶው ሞላ።

ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ወጣን። ፀሐይ አቮካዶውን አልፋ ሮቶው ላይ ወጥታለች፤ ጀርባችን ሞቋል። አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ምቾት ከየት መጣ አልኩ በልቤ። አስናቀች ቁልፉን ከፈተች። ጀሪካኗን አስጠጋች። ቧንቧውን ግን አልጠመዘዘችም። እጇን ቧንቧው ላይ እንዳደረገች ቆየች። መምህር ዳዊት ከኋላዋ ቆሟል፣ እሱም አላጣደፋትም። አዴ ሹክሪያ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ሰማይ ያያሉ።

«ጠጪው» አልኳት።

«አንቺ ጠጪው።»

ማናችንም አልጠጣንም። አስናቀች ወደ ጠባቧ ክፍል ዞረች።

«አባ ፎጊ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አባ ፎጊ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ሰዓቱም ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱን አልመልስም። ግን ይምጡና ይቅመሱልን። ውስጡ ምን እንዳለ እኛ በምን እናውቃለን?»

በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ቆይቶ ሲከፈት የዒድ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። እንዴት አደራችሁ አሉ፤ አንድ በአንድ መለስንላቸው። ማንኪያውን ጠረጉ። ሞልተው ወደ ምሥራቅ አሳዩት፤ ጠዋቱ አርፍዶ ስለነበር ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ ገባች፣ ቦታ ቀየሩ። ሳቡት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንከባለሉት። ተፉት።

«እሺ?» አለች አስናቀች።

«ፀሐይ የነካው ውሃ ነው። አዲስ ነገር ነው። ለመፍረድ ጊዜ ይፈልጋል» አሉና ማንኪያቸውን እንደገና መጥረግ ጀመሩ።

አስናቀች አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ባዶ ጀሪካኗን አጋድማ ተቀመጠችበት። እኔም የኔን አጋደምኩ።